ለመርዶ ሲያንስ ሦስት ሰው

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የነገሩኝ ሦስት ፈረንጆች ናቸው።

ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። በጠዋት በር የሚያንኳኳ ደግ ነገር እንደሌለ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት እውቀት ነው። በካልሲ እየተንሸራተትኩ ሄጄ በበሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሦስት ነጮች ተደርድረዋል። ኢሚግሬሽን ናቸው አልኩ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ማንንም አልገደልኩም፤ ቢሆንም ሮጬ ሻወር ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ገንዳው ውስጥ ቁጭ ብዬ መጋረጃውን ሳብኩ። መቶ ኪሎ ሰው በሻወር መጋረጃ ይደበቃል ብሎ ያሰበ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ይሄን የሚጽፍላችሁ።

«ታዴሴ!» አለ አንዱ ከውጪ። «ታዴሴ፣ ዴል ነኝ!»

ዴልን አውቀዋለሁ። ወጥቼ ከፈትኩ። ሦስቱም ገቡ። ዴል ፊት ለፊቴ ቆመ። ሚስቱ ከጎኑ። እንደ ፍሪጅ የገዘፈው የሠላሳ ዓመት ልጃቸው ደሞ ዞሮ ከኋላዬ ቆመ። ያ ልጅ ከኋላዬ ሲቆም ነው ነገሩ የገባኝ። ዴል አፉን ሳይከፍት ጉልበቴ ከዳኝ፤ ልጁም በብብቴ ሥር እጁን አስገብቶ ያዘኝ።

ሦስት ፈረንጅ የኛን መርዶ ከነሥርዓቱ ከየት እንዳወቁት ልንገራችሁ። ያስተማሯቸው ሟቿ ራሳቸው ናቸው።

እትዬ ዘነበች የወሎ ሰው ነበሩ። ቻምበርስ ሮድ ላይ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እሳቸው ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት ነበርን። ሥራቸው እዚሁ ዴንቨር ዳር፣ ኦሮራ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ነው፤ አሮጊትና ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያገላብጣሉ። መኪና አይነዱም። ለምን እንደማይማሩ አንዴ ብጠይቃቸው፣ «አንተ እያለህ?» አሉኝ። ታክሲ ነጂ ነኝ። የመንጃ ፈተናውን በአራተኛው ያለፍኩ ታክሲ ነጂ፣ ግን ነጂ። ከኋላ ይቀመጣሉ፣ እንደ ሚኒስትር፤ ቀይ መብራት ላይ ካልቆምኩ በጃንጥላ ይነኩኛል፣ ከቆምኩም «ምን ትጠብቃለህ?» ይላሉ።

ከሰው ሲተዋወቁ ስሙን ብቻ ሰምተው አይለቁም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ከዛ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው «ከሱ በላይስ?» ነው። እኔን የመጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ አቁመው ጠየቁኝ። ታደሰ አልኩ፣ ከበደ አልኩ፣ ደስታ አልኩና ቆምኩ።

«ከሱ በላይስ?»

«ከሱ በላይ እንኳን... አላውቅም እትዬ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይሄን ሁሉ ሥጋ ተሸክመህ ሦስት ብቻ?»

ከዛን ቀን ጀምሮ ስሜ «ባለ ሦስቱ» ሆነ። ሰው ፊት ሳይቀር። «ባለ ሦስቱ፣ መኪናውን አሙቅ!»

እሳቸው ሰባት ይቆጥራሉ፣ ሳይተነፍሱ። የወሎ ቆጠራ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በየተራ ይመጣል። በልጅነታቸው ርስት የሚገኘው በቆጠራ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድህን ደረጃ በደረጃ ካላስረዳህ አፈር አትነካም። አባታቸው ሃያ ዓመት ተሟገቱ። እትዬ ዘነበች ገና በአስራ ሁለት ዓመታቸው ደሴ ዳኛ ፊት ቆመው ቆጥረዋል። በመጨረሻ ረቱ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳና መሬቱ የመንግሥት ሆነ።

«መሬቱ ሄደ፣ ቆጠራው ቀረልኝ» ይላሉ፣ እየሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ዩኒፎርም ከለበሱ ደሞ በጓንት።

አንድ ቀን ከሥራ ላነሳቸው ብሄድ ገና በሩን ሳይዘጉ ጮኹ፦ «ታደሰ! ቆጣሪ ፈረንጅ አገኘሁ!»

እማማ ኢንጋ ይባላሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቤተሰቦቻቸው ከኖርዌይ በመርከብ መጥተው ኖርዝ ዳኮታ እርሻ የያዙ ናቸው። ኢንጋ ሃውገን ነው ሙሉ ስማቸው፤ ሃውገን ደሞ እዛ ኖርዌይ የነበረው የእርሻቸው ስም ነው፣ አሜሪካ ሲገቡ የቤተሰብ ስም አደረጉት። ከማንም ጋር አያወሩም። እትዬ ዘነበች ፀጉራቸውን እያበጠሩ «ፋዘር ኔም?» አሏቸው። ሃልቮር። ጣት ወደ ጣሪያ። ኒልስ። ጣት ወደ ጣሪያ። ኦላ። አሁንም ጣት። ቶርስታይን።

«አምስት! በሁለት ይበልጡሃል» አሉኝ እትዬ።

ቀጥለው ግን ጣታቸውን ወደ መሬት ቀስረው «ከታችስ?» ብለው ነበር። ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ማን አለሽ? እማማ ኢንጋ ማልቀስ ጀመሩ። ሲያለቅሱ የተናገሩትን እትዬ ዘነበች በዛች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው አንድ በአንድ ይዘውት መጡ። ታክሲው ውስጥ ነገሩኝ።

እማማ ኢንጋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አመሻሽ ላይ አዲስ የተወለደ ጥጃ ለማየት ፋኖስ ይዘው ከብቶቹ ቤት ገቡ። ፋኖሱን ረስተውት ወጡ። ጋጣው ነደደ፣ ፈረሶቹም አብረው። አባትየው የጠረጠረው ትልቁን ልጁን ሃሮልድን ነው፤ እዛ ተደብቆ ትንባሆ ያጨስ ነበርና። በማግስቱ አባረረው። ልጅቷ እያየች ዝም አለች። ሃሮልድ አንዲት ካርድ ከዴንቨር ላከ፣ ከዛ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አባት ሲሞት እማማ ኢንጋ እርሻውን ትተው ወንድማቸውን ፍለጋ ዴንቨር መጡ። አርባ ዓመት ፈለጉ። ሃሮልድ ሃውገን የሚባል ሰው የለም።

«ያባረሩት በኔ ጥፋት ነው። ይሄን ለሱ፣ እሱ ከሌለ ለልጁ ሳልናገር እንዴት እሞታለሁ?» ብለዋል።

«እትዬ፣ ሰባ ምናምን ዓመት እኮ ሆነው» አልኩ።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» አሉና ከኋላ በጃንጥላ ነካ አደረጉኝ። «አደራ ነው። ንዳ።»

«ንዳ» ሲሉኝ ወንድምየውን ፍለጋ የሆነ ቦታ የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መንገዱን ሁሉ ሲያስቡ ቆይተው ቤታችን ፓርኪንግ ስንገባ ተናገሩ።

«ስማ ባለ ሦስቱ። ከእርሻው የተባረረ ልጅ የእርሻውን ስም ተሸክሞ ይዞራል? እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። አባቱን ግን ማን ይጥላል? ቢያባርርህም አባትህ ነው። ይሄ ልጅ ‹ሃሮልድ የሃልቮር ልጅ› ተብሎ ነው የሚገኝ።»

በማግስቱ እማማ ኢንጋን ጠየቋቸው። ኖርዌይ ውስጥ በድሮ ጊዜ ሰው ሁሉ ልክ እንደኛ በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው፤ የሃልቮር ልጅ ሃልቮርሰን ይባላል። እማማ ኢንጋ ይሄን ሲናገሩ ድንገት አፋቸውን ያዙ አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ይሄ አልመጣላቸውም። አርባ ዓመት የፈለጉት ወንድማቸው የጣለውን ስም ነው።

ዳውንታውን ያለው ትልቁ ላይብረሪ ሄድን። እኔ ያን ላይብረሪ የማውቀው በሽንት ቤቱ ነው፤ ታክሲ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል። ለካ ፎቁ ላይ መጽሐፍም አለ! የከተማው ነዋሪ ሁሉ በየዓመቱ ከነሥራው ከነሚስቱ የተመዘገበበት ድሮ የታተመ መዝገብ አወጡልን። እትዬ ዘነበች መዝገብ ሲያዩ ዓይናቸው በራ፣ ልክ ደሴ ፍርድ ቤት የተመለሱ ይመስል። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይከተላሉ፣ ስዘል ይቆነጥጡኛል። በሦስተኛው ቀን አገኘነው። ሃሮልድ ሃልቮርሰን፣ አናጢ። በየዓመቱ አለ። ከዛ አንድ ዓመት ላይ ሚስቱ ብቻዋን ቀረች። የዛን ዓመት የቆየ ጋዜጣ አስወጥተን አየን፤ የሞት ማስታወቂያ፦ ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ዴል፣ ትቶ አረፈ ይላል።

እትዬ ዘነበች እዛው ወንበሩ ላይ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«እትዬ፣ ላይብረሪ ነው...»

«ቢሆንስ? ከወገኖቹ ማን አለቀሰለት?»

ዴል ሃልቮርሰን ግን ስልክ ደብተሩ ላይ ነበር። ሰፈሩ ግሪን ቫሊ ራንች። ከኛ ቤት በዛው በቻምበርስ ወደ ሰሜን ትንሽ ነው፤ ሃያ ጊዜ ተሳፋሪ ሳደርስ በደጁ አልፌያለሁ። ግን የኛ ሃሮልድ ልጅ መሆኑን በምን እናውቃለን? ለእማማ ኢንጋ ሳናረጋግጥ አይነገርም አሉ እትዬ።

የደወልኩት እኔ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ። «ሄሎ ሰር፣ ስለ አባትዎ...» ስል፣ «ምንም አልገዛም!» ብሎ ዘጋው። በሁለተኛው ቀን እንዲያምነኝ ብዬ «ታክሲ ነጂ ነኝ» አልኩት። «ታክሲ አልጠራሁም!» በሦስተኛው፣ «ደግመህ ከደወልክ ፖሊስ ነው የምጠራው» አለኝ። እኔ ደሞ ፖሊስ ሲባል እንኳን ስልኩን፣ መስመሩን ከግድግዳው ነቀልኩት።

በዛው ሳምንት እማማ ኢንጋ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ምላሳቸው ሄደ። ነርሷ ለእትዬ ዘነበች፣ «አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት» አለቻቸው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እትዬ ዘነበች በሬን በጃንጥላ ደበደቡ። ከኋላቸው ጋሽ ሰይድ ቆመዋል፤ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ እንደኔ ታክሲ የሚነዱ፣ ከሁላችንም ሽማግሌ። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል።

«ተነስ። ልንነግረው ነው።»

«እትዬ፣ አሁን? ተኝቷል እኮ!»

«የደም ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ይኸው ሞክረህ አየኸው። ቤቱ ሄዶ፣ ሳይወጣ በጠዋት፣ በሰው ፊት ነው። ሲያንስ ሦስት ሰው። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሲወድቅ ይይዛል። አንተ ትይዛለህ። ለምን የሰባህ መሰለህ?»

ጋሽ ሰይድን አሁን ገና አዩዋቸው። «ሰይድ! ምን ነካህ? አልሞቱም እኮ! አውልቅ ይሄን ጥቁር!»

«ዘነብ፣ ብርድ ነው...»

«አውልቅ!»

ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን ታክሲው ውስጥ ጥለው በሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። እስከ ግሪን ቫሊ ራንች ነዳሁ። ቤቶቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፣ አንድ ዓይነት፣ ጨለማ። አንድ መስኮት ላይ መጋረጃ ገለጥ ሲል አየሁ። ሦስት ጥቁሮች፣ አንዷ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሰው ሣር ላይ። እትዬ ዘነበች አንኳኩና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፣ እንደ ሥርዓቱ። እኔ እንድይዘው ከኋላው መሆን ነበረብኝ። ከኋላው ለመሆን ግን መጀመሪያ መውጣት አለበት።

ወጣ። የአደን ጠመንጃ ይዞ።

አፈሙዙ ወደ መሬት ነው፤ ግን ጣቱ ያለበትን አየሁ። እኔ መያዙን ትቼ ጋሽ ሰይድ ኋላ ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ስልሳ ኪሎ አይሞሉም፤ በግራም በቀኝም ተርፌያለሁ። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል፦ «ፖሊስ ደውያለሁ፣ እየመጡ ነው!»

«ከግቢዬ ውጡ» አለ ዴል። «ሦስት እቆጥራለሁ።»

እትዬ ዘነበች ከተናገረው ሁሉ መቁጠር የሚለውን ነው የያዙት። ነጠላቸውን አስተካከሉና ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ አሉ።

«ዩ ዴል» አሉ። «ዩር ፋዘር ሃሮልድ።» ጣታቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «ሃሮልድ ፋዘር ሃልቮር። ሃልቮር ፋዘር ኒልስ። ኒልስ ፋዘር ኦላ። ኦላ ፋዘር ቶርስታይን።»

ዴል ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ድገሚው» አላቸው።

ደገሙት። ሰውየው ዞሮ ጋራዡን ከፈተ፣ መብራት አበራ። እኛ አንገባም፣ አንሸሽም፣ ቆመናል። አንድ አሮጌ የእንጨት መሣሪያ ሳጥን ጎትቶ አመጣና ክዳኑን ገለጠው። ከውስጥ በቢላ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ አምስት ስም፣ አንዱ ከአንዱ በታች። መጨረሻው ሃሮልድ።

«አባቴ ነው የቀረጸው። እነማን ናቸው ስለው አልነገረኝም» አለ። «ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እነዚህን ስሞች ሰው በአፉ ሲጠራቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።»

«የአባትህ እህት አለች» አልኩት፣ አሁን ከጋሽ ሰይድ ኋላ ወጥቼ። «ልትሞት ነው። አሁን ካልመጣህ አትደርስባትም።»

እግሩ ሲብረከረክ ደረስኩለት። ያዝኩት። በሕይወቴ በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ጋሽ ሰይድ ደሞ ከብርዱም ከድንጋጤውም ጋር የምራቸውን ማልቀስ ጀመሩ። ሥርዓቱ ሞላ።

ፖሊሱ ሲደርስ ያገኘው ይሄን ነው፦ ሦስት ሐበሻና አንድ በፒጃማ ያለ ፈረንጅ በአንድ ታክሲ ሲሳፈሩ። ዴል በመስኮት «ዘመዶቼ ናቸው!» አለው። ቻምበርስን ይዤ ወደ ደቡብ ነዳሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ጃንጥላው ትከሻዬን መታኝ፤ «ምን ትጠብቃለህ?»

ደረስን። እማማ ኢንጋ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እትዬ ዘነበች ዴልን አስቀምጠው ግራ እጃቸውን አስያዙት። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብለው «ሃሮልድ ሰን» አሉ። የእማማ ኢንጋ አፍ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን የለም። ሰባ ምናምን ዓመት የተሸከሙት ነገር አልወጣ አለ። እንደዛ ያለ ጭንቀት ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«እኔ ምስክር ነኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ እናገራለሁ፣ ውሸት ከሆነ እጅህን ይልቀቁ።» ለኔ በአማርኛ፣ እኔ ለዴል በእንግሊዝኛ። ጥጃውን፣ ፋኖሱን፣ ፈረሶቹን፣ ዝምታውን። «ፋኖስ» በእንግሊዝኛ ጠፍቶብኝ በእጄ ሣልኩት። እማማ ኢንጋ እጁን አልለቀቁም፤ እንደውም ጥፍራቸው ሲገባበት አየሁ።

እትዬ ዘነበች ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል።

«አባቴ ስለ ቤተሰቡ ምንም አያወራም ነበር» አለ ዴል። «ግን ስተኛ የኮሪደሩን መብራት አያጠፋም። እናቴ ትቆጣለች። እሱ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ ‹ጨለማ የምትፈራ ትንሽ እህት ነበረችኝ። የትም ስትሄድ ፋኖስ ይዛ ነው፣ የትም ትረሳዋለች። እኔ ነበርኩ እየዞርኩ የምሰበስበው።›»

ፋኖስ የሚለው ቃል የመጣልኝ ያኔ ነው፣ ከሱ አፍ። እትዬ ዘነበች ግን ከኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

«ያውቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አውቆ ነው የሄደላት። ንገራት።»

ተረጎምኩለት፣ ዴልም ነገራቸው። እማማ ኢንጋ ረጅም ትንፋሽ አወጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጁን ሳይለቁ። ያረፉት በማግስቱ ነው፤ እጃቸውን እንደያዘ።

ከዛ ወዲህ ዴል እሁድ እሁድ ቻምበርስ ሮድ ይመጣ ነበር። እትዬ ዘነበች ስለ መርዶ አስረዱት፤ ያን ጠዋት ለምን ሦስት እንደሆንን፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ እኔ ለምን እንደተደበቅኩ። ልጅ የላቸውም፣ እዚህ አገር ዘመድም የላቸውም። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ፣ ዴልን እያዩ። የማን ዘር ማንን እንደሳበ አልጠየቅኳቸውም።

ይኸው እንግዲህ የዛሬው ጠዋት። ልጁ በብብቴ ሥር እንደያዘኝ ዴል ነገረኝ። ሥራ ላይ ሳሉ ልባቸው ቆመ። ነርሲንግ ሆሙ የደወለው ለሱ ነው፤ ድንገት ችግር ቢፈጠር ለማን ይደወል በሚለው ፎርም ላይ የሱን ስም ጽፈው፣ ዝምድና በሚለው ቦታ «ወንድም» ብለዋል።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ትናንት ከሰዓት።»

«ትናንት? ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

«ማታ አይነገርም» አለ። «ሰው እራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ ብላኛለች።»

ትናንት ማታ ሁለት ሳህን በልቼ አንኮራፍቼ ተኝቻለሁ። እሱ ግን እስኪነጋ መርዶውን ይዞት አድሯል።

ሚስቱ ታለቅሳለች። ዴል ከኪሱ ወረቀት አወጣና አየው፣ መልሶ ከተተው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዘነበች» አለ። «ይመር። አሊ። ገብሬ። ሙሄ። ወልዴ። እንድሪስ።»

ሰባት። ሳይሳሳት። ከዛ ወደኔ ዞረ። «ያንተስ?»

«ታደሰ» አልኩ። «ከበደ። ደስታ።»

ጠበቀ። ሚስቱም እንባዋን ይዛ ጠበቀች። ልጁም ከኋላዬ እንደያዘኝ ጠበቀ። ዴል ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጣሪያዬ ቀሰረ።

«ከሱ በላይስ?» አለኝ፤ በአማርኛ፣ በወሎ ቅላጼ።